ሰባት ዓመት ከወፍጮ ሥር

ከመካነ ሰላም አገር ከቦረና ስለወጡ ሊቃውንት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ስም ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ሊቅ ከመሆናቸው በፊት ያለውን ታሪካቸውን ነው።

ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ለትምህርት ሐይቅ እስጢፋኖስ ቢገቡም ቀለም አልገባ አላቸው። ሰባት ዓመት ለገዳሙ እህል እየፈጩ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሱ ይጸልዩ ነበር። በመጨረሻም ጽዋዐ ልቡና አጠጣቻቸው፤ ምሥጢርም ተገለጠላቸው።

ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ ጽዋው ነው። እኛን የሚገርመን ግን ሰባቱ ዓመት ነው። ወፍጮ የሴት ሥራ በሚባልበት አገር፣ የትምህርት ጓደኞች እያለፏቸው ሲሄዱ መጅ መግፋት ቀላል አይደለም! ከዕውቀቱ በፊት የተገራው ልባቸው ነበር።

በኋላ በአፄ ዳዊት ዘመን መታሰራቸውንም ገድሉ ያወሳል። እሳቸው ግን መጻፋቸውን አልተዉም፤ ታላቁን መጽሐፈ ምሥጢር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1424 ፈጸሙ። በሰዓታት ድርሰታቸውም ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ትጸልያለች።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ‹‹አልገባኝም›› ብሎ ደብተሩን ሊዘጋ ያሰበ ካለ፣ ከመዝጋቱ በፊት ያን ወፍጮ ያስብ።