የጀርባ አጥንት የሌላቸው የውሃ እንስሳት እንዴት ይለያሉ?

በባሕርም ሆነ በወንዝ የሚኖሩ እንስሳት የጀርባ አጥንት ያላቸውና የሌላቸው ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ ኤሊና አዞ ከመጀመሪያዎቹ ሲመደቡ፣ ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣንና አልቅት ከሁለተኛዎቹ ናቸው።

መለያቸው አከርካሪ ነው። ዓሣ ሲበላ ከራሱ እስከ ጅራቱ ተዘርግቶ የሚገኘው፣ ከትናንሽ አጥንቶች የተያያዘው አካል ይኸው ነው። የሸርጣን ቅርፊትና የቀንድ አውጣ ዛጎል ግን ገላን ከውጭ የሚሸፍኑ ልባሶች እንጂ አጥንቶች አይደሉም። ኤሊ ቅርፊት ቢኖረውም፣ ቅርፊቱ ከአከርካሪውና ከጎድን አጥንቱ ጋር የተዋሐደ በመሆኑ ባለ አከርካሪ ነው።

ስም ብቻውን መለያ አይሆንም። ኮከብ ዓሣ አከርካሪ ስለሌለው ዓሣ አይደለም። ዓሣ ነባሪ ደግሞ አከርካሪ ቢኖረውም ልጁን የሚያጠባ እንስሳ እንጂ ዓሣ አይደለም።

ለጌጥ የሚውለው ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ልባስ ነው። ከባሕር ርቀው በወንዝና በመስኖ ቦይ የሚኖሩ የቀንድ አውጣ ዝርያዎችም አሉ። ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ነዋሪዎች ልዩነቱን ማወቅ የጤና ጉዳይ የሚሆነውም በእነዚህ ምክንያት ነው፤ በአካባቢው የሚታየው የአንጀት ቢልሃርዝያ ያለ ቀንድ አውጣ አይዛመትም።

የታማሚ ሰው ዓይነ ምድር ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ከእንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት እጮች ጠፍጣፋና ጥምዝ ዛጎል ባለው ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብተው ይራባሉ። ከሳምንታት በኋላ ወደ ውሃው ተመልሰው፣ ቦይ ውስጥ የቆመን ወይም የሚዋኝን ሰው ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ። ዓሣና እንቁራሪት ይህን በሽታ አያስተላልፉም።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አስተውለው፣ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋግጠዋል። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ስለሚጎዳ ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ወንዝ መጨመር አይገባም።

ዋነኛው መከላከያ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ በመስኖ ሥራ ጊዜ ቦት ጫማ መልበስና በቦይ ውሃ ገላን አለመታጠብ ነው። የታመመ ሰው ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒት ይታከማል፤ መድኃኒቱ ግን ዳግም ከመያዝ ስለማይከላከል ጥንቃቄው መቀጠል አለበት።