ሃምሳ ሎሚና አንድ ታማሚ፦ የልዩ ልዩ ሙያዎች ቡድን እንዴት ይሠራል?

በአሜሪካ በሆስፒስ ሶሻል ወርከርነት ማገልገል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፡፡ ሆስፒስ ማለት ሊድን በማይችል በሽታ የተያዘ ሰው ቀሪ ጊዜውን ያለ ሥቃይና በክብር እንዲያሳልፍ የሚረዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ በታማሚው ቤት የሚሰጥ አገልግሎት ነው፡፡ ብዙ ወገኖቻችን በጤናው መስክ ተሰማርተዋል፤ ወላጆቻችንም በሰው አገር እያረጁ ነው፡፡ ስለዚህ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሠራተኛውም ለቤተሰቡም ይጠቅማል፡፡

አነሳሱ

የዘመናዊው ሆስፒስ መሥራች እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ በየተራ ነርስ፣ ሶሻል ወርከር፣ በመጨረሻም ሐኪም ነበሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ የከፈቱት፣ የታማሚ ሕመም የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም ነው ብለው ነው፡፡ እንደ እርሳቸው ሦስቱን ሙያ አንድ ሰው ሊይዝ ስለማይችል ቡድን የግድ ሆነ፡፡

በአሜሪካ ሜዲኬር ለሆስፒስ እንዲከፍል የተደነገገው በ1982 ነው፡፡ በደንቡ መሠረት ቡድኑ ሐኪም፣ የተመዘገበ ነርስ፣ ሶሻል ወርከር (ወይም የቤተሰብ ወይም የአእምሮ ጤና አማካሪ) እና የመንፈሳዊ ወይም ሌላ ምክር ሰጪ ሊኖሩት ይገባል፡፡ የታማሚውንም የእንክብካቤ ዕቅድ ቢዘገይ በየ15 ቀኑ አብረው ይመረምራሉ፡፡ ሆኖም በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ ብቻውን ቡድን አያደርግም፡፡ ይህን የተማርኩት ከራሴ ስሕተት ነው፡፡

ከትራሱ ሥር የተገኘው

በአንድ የዐቢይ ጾም ወቅት የካንሰር ሕመምተኛ የሆኑ እናት እከታተል ነበር፡፡ እማማ ሞርፊን ጠዋትና ማታ እንዲወስዱ ታዝዞላቸዋል፡፡ ስንጨዋወት «ልጄ፣ እኔኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ» አሉኝ፡፡ ጽናታቸውን አደነቅሁና ቅጼን ሞልቼ ወጣሁ፤ የመድኃኒት ነገር የነርሷ ሥራ ነው ብዬ፡፡ ነርሷ በበኩሏ ሕመሙ እንዳልታገሠላቸው አይታ ለሐኪሙ ነገረች፡፡ ሐኪሙ መጠኑን እጥፍ አደረገው፡፡ ልጃቸውም ከማግሥቱ ጀምሮ በእጁ ሊሰጣቸው ተስማማ፡፡ ሁላችንም በየሙያችን ትክክል የሠራን መስሎን ነበር፡፡

በዚያው ዕለት ገላቸውን የምታጥበው፣ አልጋቸውን የምታነጥፈው ረዳት ከትራሱ ሥር በመሐረብ የተቋጠሩ የጠዋት እንክብሎች አግኝታ ደወለች፡፡ እማማ ሲወስዱ የነበረው የታዘዘውን ግማሽ ብቻ ነው፡፡ አዲሱ መጠን ጠዋትም ማታም ቢሰጣቸው ኖሮ ሰውነታቸው የለመደውን አራት እጥፍ ይወስዱ ነበር፤ ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል፡፡

ወዲያው ተሰባሰብን፡፡ ሐኪሙ ጭማሪውን ሰረዘ፡፡ መንፈሳዊ አገልጋያችን በእማማ ፈቃድ የነፍስ አባታቸውን አነጋገረ፤ እርሳቸውም ቤት ድረስ መጥተው ሕመምተኛ በጾም እንደማይገደድ አስረዷቸው፡፡ በቀድሞው መጠን፣ ነርሷ በቅርብ እየተከታተለች፣ ሕመማቸው ታገሠ፡፡ ፋሲካን ከልጆቻቸው ጋር ማዕድ ቀርበው ዋሉ፡፡

ለባለሙያዎች

1. ማከም የአንዱ ድርሻ ሊሆን ይችላል፤ ማሳወቅ ግን የሁሉም ነው፡፡ «የእኔ ክፍል አይደለም» ያልኩት ነገር ነበር ለነርሷ የጎደላት፡፡

2. መልእክት አጭርና የተሟላ ይሁን፡፡ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሕክምና የገባው «ኤስባር» የተባለ ዘዴ አራት ነገር ይጠይቃል፦ አሁን ምን ተፈጠረ? መነሻው ምንድን ነው? እኔ ምን ይመስለኛል? ምን ይደረግ እላለሁ?

3. ከታማሚው ጋር ረጅም ሰዓት የሚውለውን ስሙት፡፡ ብዙዎቻችን የምንሠራው በዚሁ በረዳትነት ነው፡፡ በታላቅ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን ብናድግም፣ ለሐኪም ያየነውን መንገር ድፍረት አይደለም፡፡

4. ታማሚው ትእዛዝ ሳይፈጽም ሲቀር «እምቢተኛ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ምክንያቱን ጠይቁ፡፡

ለቤተሰብ

ስለ ጾም፣ ስለ ጠበል፣ ስለ ባህል መድኃኒት ለቡድኑ ሳትደብቁ ተናገሩ፡፡ የቤተሰብ ስብሰባ እንዲጠራላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፡፡ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላቸው፤ ክፉ ወሬ የማርዳቱን ሸክም በልጅ ላይ አትጣሉት፡፡

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን፡፡ እኔ የምጨምረው፣ ሃምሳዎቹ ሰዎች ማን ምን እንደያዘ ሊነጋገሩ ይገባል የሚለውን ነው፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡