በቃጫ የታሰረ ቤትና ድንገተኛ ጉልበት

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ፣ ጉብሬና አካባቢዋ ላይ ጀፎረን፣ ማለትም የመንደሩን ሰፊ የሣር መንገድ፣ ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙ የጉራጌ የሣር ቤቶች ዘወትር የሚወደሱት በውበታቸው ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ሊደነቅ የሚገባው ሌላ ነው እላለሁ፦ ዓመታት ሙሉ የሚጫን ክብደትና በቅጽበት መጥቶ የሚያልፍ ጉልበት ለየብቻ መልስ ያገኙት በዚህ አሠራር ነው። አናጢዎቹ ቀመር አልጻፉም፤ ሥራቸው ግን ሁለቱንም ያውቃል።

አንድ ዕቃ የሚሰበረው በጉልበቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱ በሚያርፍበት ፍጥነትም ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1872 ክብደት እየጣለ የብረት ሽቦ ሲበጥስ፣ የሽቦውን ዕጣ ይበልጥ የሚወስነው የክብደቱ መጠን ሳይሆን የሚወድቅበት ከፍታ፣ ማለትም ፍጥነቱ መሆኑን አየ። እንጨት ደግሞ ጊዜን አጥብቆ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካዊው ላይማን ዉድ ባቀረበው ጥናት መሠረት፣ ዐሥር ዓመት የሚጫንበት እንጨት የሚችለው በአጭር ሙከራ ከሚችለው 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። እንግዲህ የሣር ቤት ዋና የረጅም ጊዜ ጭነት በክረምት ዝናብ ጠጥቶ የሚከብደው የራሱ ክዳን ነው። ከመካከለኛው ምሰሶ እንደ ዣንጥላ ዘንግ ተዘርግተው ወራጆቹን የሚደግፉት እንጨቶች የእያንዳንዱን ወራጅ ርዝመት ያሳጥሩታል፤ ቀስ በቀስ ከመጉበጥም ያድኑታል።

ድንገተኛው ጉልበት በሌላ መንገድ ይመለሳል። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ የደረሰው፣ መጠኑ 6.8 ያህል የሚገመተው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ የጉራጌ ደጋም የዚሁ ሸለቆ ዳርቻ ነው። ያለ ሚስማር፣ በእንሰት ቃጫና በሐረግ የታሰረ መጋጠሚያ ሲናወጥ ጥቂት ይንሸራተታል፤ ገመዱ እንጨቱን እያሸ ጉልበቱን ይበላዋል። በዚያች ቅጽበት እንጨቱም ከወትሮው ይጠነክራል።

በመንቀጥቀጥ ጊዜ ቤቱን የሚያድነው ቅለቱ እንጂ የእንጨቱ ጥንካሬ አይደለም የሚል ቢኖር፣ በከፊል ልክ ነው። መንቀጥቀጥ የፍንዳታን ያህል ፈጣን ስላልሆነ በፍጥነቱ የሚገኘው ጥንካሬ ትንሽ ነው። ነገር ግን ቀላል ቤትም መጋጠሚያው ከተላቀቀ ይወድቃል፤ ስለዚህ ቅለቱ ማሰሪያውን ትርፍ አያደርገውም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ኮንክሪትም ፌሮም በፍጥነት ሲመቱ ይጠነክራሉ፣ ታዲያ የሣር ቤት በምን ይበልጣል? አይበልጥም፤ እሳት፣ ምስጥና ብስባሽ ያሸንፉታል። ሆኖም የጥንካሬ መጨመር ሁልጊዜ በረከት አይደለም። በቅጽበታዊ ምት የፌሮው ጉልበት ከፍ ሲል፣ ቀስ ብሎ መጉበጥ የነበረበት ምሰሶ አልጎብጥ ብሎ በሰያፍ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህ አሰባበር ማስጠንቀቂያ የለውም። በጉብሬ ዛሬ ከሣር ቤቶቹ አጠገብ ለሚነሳው የኮንክሪት ሕንፃ የቃጫውን ሥራ የሚሠራው የምሰሶውን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው ስታፋ ነው፤ በተለይ ምሰሶው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ስታፋው ሲቀራረብና ጫፉ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ።