ኮአላን የጠበቀው ሕግና ያልተጠበቀው ዛፍ

ኮአላ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ አውስትራልያ ዱር የሚገኝ፥ ልጁን በሆዱ ከረጢት የሚያሳድግ፥ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየበላ የሚኖር እንስሳ ነው። ለስላሳ ቆዳው በውጭ አገር ገበያ ይፈለግ ስለ ነበር አዳኞች ብዙ ዘመን ፈጁት። በ1927 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የክዊንስላንድ መንግሥት አደኑን ለኦገስት ወር ፈቀደ፤ በዚያ አንድ ወር ከ500,000 በላይ ኮአላ ተገደለ። ሕዝቡም እጅግ ተቆጣ። ከዚህ በኋላ፥ እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ፥ እንስሳው በየግዛቱ በሕግ ተጠበቀ።

ዳሩ ግን ሕጉ አዳኙን ከለከለ እንጂ መጥረቢያውን አልከለከለም። ደኑ ለግጦሽ፥ ለእርሻና ለከተማ ሲባል ተመነጠረ። ዛፍ ከዛፍ ሲራራቅ ኮአላ ወደ ምድር ወርዶ ይጓዛል፤ በመንገዱም መኪናና ውሻ ይገድሉታል። ክላሚድያ የተባለው በሽታ ዓይኑን ያሳውራል፥ ሴቲቱንም ያመክናል። የ2019 እና የ2020 ቃጠሎም በዚህ ላይ ተጨመረ። በ2022 በክዊንስላንድ፥ በኒው ሳውዝ ዌልስና በካንቤራ ግዛት ያለው ኮአላ ሊጠፋ ከተቃረበው እንስሳ ተቈጠረ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ዛፉ ሳይጠበቅ በዛፉ ላይ የሚኖረውን ማቆየት የማይቻል መሆኑን ነው።