ከበረዶ ቅንጣት እስከ ብራና፦ የማክሮ ፎቶግራፍ መሣሪያ ምርጫ በታሪክ ዓይን



አንዲት ተማሪዬ በቅርቡ፣ “ለምርምሬ የትኛውን የማክሮ ሌንስ ልግዛ?” ስትል ጠየቀችኝ። የምታጠናው ቀለም ከብራና ላይ እንዴት እንደሚላቀቅ ነው። ገንዘቧ የሚበቃው ለአንድ ሌንስ ብቻ ስለሆነ፣ የችኮላ መልስ ልሰጣት አልደፈርሁም። ዛሬ ጥያቄዋን በታሪክ በኩል ለመመለስ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የቨርሞንት ገበሬ የነበረው ዊልሰን ቤንትሊ በ1885 ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ የአንዲት የበረዶ ቅንጣትን ምስል አነሣ። በ1931 እስኪሞት ድረስም ከ5,000 በላይ አንሥቷል። መሣሪያው እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚለጠጥና ከባድ ስለነበር በሜዳ ሊያዞረው አልቻለም፤ ቅንጣቷን በጥቁር ሰሌዳ ተቀብሎ እሳት ወደማይነድበት ክፍል ያስገባት ነበር። ስቱዲዮው ራሱን ለበረዶዋ አስገዛ ማለት ነው።

ወናፍ ዋጋ ያስከፍላል። ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ ለማንሣት ሌንሱ የትኩረት ርዝመቱን ያህል ወደ ፊት መውጣት አለበት፤ ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃንም ወደ ሩብ ይወርዳል። ነፋስ በሌለበት ክፍል ይህ በትዕግሥት ይካካሳል፤ በመስክ ግን ቅጠል እንኳ አይታገሥም። በ1955 የወጣው የኪልፊት ማክሮ ኪላር መላውን መዘርጊያ በሌንሱ አካል ውስጥ በማካተቱ ፎቶ አንሺውን ከወናፍ ሸክም አሳረፈው።

በ1956 የቀረበው የኒኮን ማይክሮ ኒኮር ደግሞ ሌላ ዓላማ ነበረው። የተሠራው የተወሳሰቡ የጃፓን ፊደላትን በማይክሮፊልም ለመገልበጥ ስለነበር፣ ጠፍጣፋ ገጽን እስከ ጠርዙ ማጥራት ግዴታው ነበር። ይህ ፍላጎት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1970ዎቹ በሀገራችን በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተገልብጠዋል።

እኔም ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። አበባ ላይ ያረፈች ንብ ለማንሣት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዤ ወጣሁ። በጥቂት ሴንቲ ሜትር ስጠጋት ጥላዬ አረፈባት፤ ንቧም በረረች። ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ቢሆን ኖሮ አንድ ስንዝር ያህል ርቄ በቆምሁ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ብራናው ከገዳሙ አይወጣም፤ ስለዚህ ስቱዲዮዋን ይዛ ወደ እርሱ መሄድ ይኖርባታል። ገጹ ጠፍጣፋ ነው፤ የተላቀቀው ቀለም የሚታየው ግን ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ነው፤ ለዚያም በሌንሱና በገጹ መካከል ክፍተት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጠርዙን የሚያጠራ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የማይነቃነቅ ማቆሚያና አንዲት ትንሽ መብራት እንድትይዝ መከርኋት።

እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የማነሣው ነገር ይንቀሳቀሳልን? ወደ እኔ ይመጣልን? ብርሃኑስ ከየት ይገባለታል? የዋጋው ዝርዝር ከዚህ በኋላ ይነበባል።