ጠመኔ ይዞ መማር፦ ከክፍል ውጭ የተማሩ ተማሪዎች ታሪክ



በቅርቡ አንድ ወጣት መምህር፣ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ እዚሁ ካምፕ ትንንሾቹን የሚያስተምር ልጅ፣ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያ ጠመኔ ይዤ ዕድሜዬ አለቀ።» እውነቱን ለመናገር ወዲያው የምመልስለት አጣሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። በአገራችን ለዲግሪ የሚማሩ ተማሪዎች ጠመኔ ሳይዙ የማይመረቁበት ዘመን ነበር። ነገሩ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጎንደር እንጀምር

በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው ሐኪም እጅግ ጥቂት ነው። በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ የክፍሉን ትምህርት ከተማሩ በኋላ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። አንዱ በሽተኛ ያያል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሌላው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመረምራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በክፍል ብቻ የተማረ ሰው ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሲመጣለት መድኃኒት ይሰጠዋል። በቡድን ወጥቶ የተማረው ግን «ይህ ልጅ የሚጠጣው ውኃ ከየት ይቀዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ከደብተር ብቻ ማግኘት ያስቸግራል። በ1983 የተከፈተው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምም ይህንኑ መንገድ ይዞ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ አስተምሯል፤ ጥናትም አሠርቷቸዋል።

የተማሪ ጥናት ምን ዋጋ አለው?

«ጥናትና ምርምር የፕሮፌሰሮች ሥራ ነው፣ ተማሪ ምን አግብቶት?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ከታሪክ እናገኘዋለን። በ1950 በተከፈተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር የሚባል ነበር። የማኅበሩ ተማሪዎች ከየመጡበት አካባቢ የሠርጉን፣ የልደቱን፣ የለቅሶውን ሥርዓት እየጠየቁ ይጽፉ ነበር። ከ1953 ጀምሮም የራሳቸው መጽሔት ነበራቸው። እነዚህ ወጣቶች ገና ዲግሪያቸውን አልያዙም። ሆኖም ጽሑፋቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ተሰብስቦ እንደገና እስከ መታተም ደርሷል።

የታሪክ ክፍል ተማሪዎችም እንዲሁ ለመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጁ ነበር። ብዙዎቹ ሽማግሌ ጠይቀው፣ ፋይል አገላብጠው ስለ አንድ ከተማ፣ ስለ አንድ ገበያ ወይም ስለ አንድ አካባቢ ጻፉ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ1991 የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ በመጽሐፍ ሲያሳትሙ ከተጠቀሙባቸው ምንጮች መካከል እነዚህ የተማሪዎች ጽሑፎች ይገኙበታል። እንግዲህ ተማሪው ለውጤት ብሎ የጻፈው ነገር የአገር ታሪክ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ያኔ የተጠየቁት ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም። ያ ተማሪ ባይጽፍ ኖሮ የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው በተቀበረ ነበር።

አንድ ዓመት በገጠር

ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1964 ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ደነገገ። ያላገለገለ ዲግሪ አያገኝም። ስሙም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተባለ። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት እየተከፈተ መምህር ግን አልነበረም። ከ1962 ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት ብቻቸውን ክፍተቱን ሊሞሉት አይችሉም ነበር።

ሁሉም ተማሪ ይህን በደስታ ተቀበለ ማለት አይደለም። ትምህርት አቋርጦ ሩቅ ቦታ፣ በትንሽ አበል፣ መብራት በሌለበት መኖር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሰባ ልጅ ፊት የቆመ ሰው ራሱ ያልገባውን ነገር ቶሎ ያውቀዋል! ለፈተና የሸመደደውን ሒሳብ ለሌላ ሰው ለማስረዳት እንደገና ይማረዋል። በዚያ ላይ የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ ያያል። ብዙዎቹ የተማሪውን እንቅስቃሴ ሐሳብ ይዘው ስለሄዱ የየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ይነቁ ጀመር። መንግሥት ያሰበው ይህን አልነበረም።

በ1974 መጨረሻ የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ቢያዘምትም ታሪኩ ሌላ ነው። ያ ከወታደራዊ መንግሥት የመጣ ትእዛዝ ነበር፤ ብዙዎችም ጥለውት ሄደዋል። ከዚህ የምንማረው መስክ መውጣት ብቻውን ትምህርት እንደማይሆን ነው። ተማሪው የሚጠይቅበት፣ የሚጽፍበትና የሚታረምበት ዕድል ሊኖረው ይገባል።

እኛስ?

በ2013 በዳዳብ ካምፖች የተጀመረው የከፍተኛ ትምህርት ፕሮጀክት የኬንያና የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎችን አስተባብሮ ስደተኛ መምህራን ሥራቸውን ሳይለቁ እንዲማሩ አድርጓል። ማስተማሩ ለመማሩ እንቅፋት አልሆነም፤ እንዲያውም መሠረቱ ሆነ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ባይኖረን ደብተር አለን። ስለዚህ ይህን እንሞክር፦

1. በየቀኑ ካስተማራችሁ በኋላ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ተማሪው ምን ገባው? ምን አልገባውም? ለምን?
2. በየወሩ አንድ ጥያቄ ያዙ። ለምሳሌ «ሴት ልጆች ከስንተኛ ክፍል ይቀራሉ? ለምን?» ቁጠሩ፣ ጠይቁ፣ ውጤቱን ለባልደረቦቻችሁ አንብቡ።
3. ሽማግሌዎችን ጠይቁ። «የነበረ ይናገር፣ ያየ ይመስክር» ይባላል። ነገር ግን አስቀድማችሁ ፈቃድ ለምኑ። እንዴት እንደተሰደደ መናገር የማይፈልገውን አታስገድዱ፤ ስሙንም አትጻፉ። የኛ ሰው ስሙ በወረቀት ላይ በመገኘቱ ሊጎዳ ይችላል።
4. ያስተማራችሁበትን ጊዜ፣ ክፍልና የትምህርት ዓይነት የሚገልጽ ደብዳቤ ከርዕሰ መምህሩ በየዓመቱ ተቀበሉ። ነገ ለኮሌጅ ስታመለክቱ «እጄ ላይ ምንም የለም» እንዳትሉ።

ያን ወጣት በማግሥቱ አግኝቼው ይህንኑ ነገርኩት። «ታዲያ እኔ አገልግሎቱን አስቀድሜ ጀመርኩ በለኛ» ብሎ ሳቀ። እኔም «አዎ፣ ዲግሪው ግን ይቀርሃል፤ ደብተርህን አትጣል» አልኩት።

ቸር ይግጠመን።