«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ መቀሌ ቃላሚኖ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንድ ጡረተኛ መምህር አሮጌ ኮምፒውተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው ገቡ። ሲበራ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መልእክት ብቻ ወጣ፤ «ኤንቲ ሎደር» የሚባል ፋይል ጠፍቷል።

«መምህር፣ ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም» አለ ጠጋኙ ልጅ።

«ፎቶዎቹስ ልጄ?»

«እነሱ ይጠፋሉ።»

ፎቶዎቹ ጦርነቱ የወሰደባቸው የልጃቸው የሠርግ ፎቶዎች ነበሩ።

ወዳጆቼ፣ ይህቺን «ይጠፋሉ» የምትል ቃል ስንቶቻችን ሰምተን ዝም ብለናል? ነገሩ ግን ታሪክ አለው።

ኮምፒውተር ሲበራ ምንም አያውቅም። በአሮጌ ማሽኖች ላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ይነቃና ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለችውን 512 ባይት ያነባል። ይህቺ ቦታ ዊንዶውስን የሚያህል ነገር አትይዝም። ሥራዋ ቀጣዩን ፋይል መጥራት ነው፤ እሱም ሌላውን ይጠራል። እንዲህ እየተቀባበሉ ነው ኮምፒውተሩ የሚነሳው።

አይቢኤም ፒሲ በ1981 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ በዶስ ዘመን ይህን ሥራ የሚሠሩት ሦስት ፋይሎች ነበሩ፤ ሁለቱ ከተጠቃሚው ዓይን የተሰወሩ ናቸው። ከዊንዶውስ ኤንቲ እስከ 2001ዱ ኤክስፒ ድረስ ተረኛው ኤንቲ ሎደር ሆነ። ከቪስታ ጀምሮ ደግሞ «ቡት ማናጀር» ተተካ። ስማቸው ቢለዋወጥም አንድ ነገር አልተለወጠም፦ አስነሺው ፋይልና የእናንተ ሰነድ የተለያዩ ናቸው። የበር ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት አይፈርስም።

ጦርነቱ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲዘልቅ ትግራይ ውስጥ መብራት፣ ስልክና ባንክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው እንደነበር እናውቃለን። ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ሲቆይ ሰዓቱንና ቅንብሩን የምትጠብቀው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ትሞታለች። ቅንብሩ ሲጠፋ ደግሞ አንዳንዱ ማሽን አስነሺውን ፋይል የሚፈልገው ከሌለበት ቦታ ነው። ሰነዱ እንዳለ ተቀምጦ «ሞቷል» ይባላል።

ይህ የአሮጌ ማሽን ጣጣ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጥሏል። አውሮፕላኖች ከበረራ ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። መፍትሔው ግን ያችን አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር። ሰው ሁሉ «ፎርማት» ቢል ኖሮ አስቡት።

ወደ መምህሩ ልመለስ። ለምነን ዲስኩ ተፈታና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰካ። ፎቶዎቹ አንድም ሳይጎድሉ ተገኙ፤ ወደ ፍላሽ ተገለበጡ። ከዚያ የጠፋው ፋይል ከኤክስፒ ሲዲ ላይ ተቀድቶ ቦታው ተመለሰ። መጠኑ ከአንድ ፎቶ ያንሳል። ማሽኑ ተነሳ።

መምህሩ ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ዝም ብለው ተመለከቱ።

ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ አልነሳ ሲል መጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀሉ። ቀጥሎ ሰነዱ ወደ ሌላ ቦታ እንዲገለበጥ ጠይቁ። ፎርማት የመጨረሻው ነው። ጠጋኞችም እባካችሁ፣ ከመደምሰሳችሁ በፊት «ውስጡ ምን አለ?» በሉ። በዚህ አገር ሰው ከተረፈለት ነገር አብዛኛው እዚያ ዲስክ ውስጥ ሊሆን ይችላል።